በሚዛን የተጣመዱት ስኪዎች

ዴንቨር ውስጥ ባለች ትንሽ ዎርክሾፕ ስኪ እንሠራለን። አዎ፣ የበረዶ መንሸራተቻውን። አዲስ አበባ ቁም ሳጥንና አልጋ ስሠራ የኖርኩ አናጺ ነኝና ዘመዶቼ ይስቁብኛል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ መወዳደሩን ስነግራቸው ደግሞ «እሱስ እሺ፣ አንተን ምን አገባህ?» ይሉኛል። ያገባኛል፤ መሃሉ እንጨት ነዋ! ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ ከሥር ፕላስቲክ፣ ዳር ዳሩን የብረት ጠርዝ ይኑረው እንጂ ልቡ እንጨት ነው።

ዲዛይኑን የሚሠራው እዚሁ ዴንቨር ጎን ኦሮራ ከተማ ያደገ የአገራችን ልጅ ነው። ኢንጂነር። ጨዋ ልጅ ነው፣ «ጋሼ» ሳይለኝ አያልፍም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ያላየውን ነገር አያምንም።

አንድ ጊዜ ባለ ዎርክሾፑ አሽ ከሚባለው የፈረንጅ ዛፍ ርካሽ ጣውላ አገኘ። የአሽን ዛፍ የሚፈጀው አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ አቅራቢያችን ቦልደር ከተማ ላይ ከታየ ወዲህ በየመንገዱ ዳር የሚቆረጥ ዛፍ አይጠፋም። ጣውላው ደረቅ ነው፣ መልኩም ያምራል። ግን የከተማ ዛፍ ቦታ ስላለው እንደ ጫካው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይመዘዝም። ቅርንጫፍ ያበዛል፣ ይጣመማል። ስለዚህ የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጣውላው ጋር አብሮ አይሄድም፤ መንገድ ላይ በጎን ይወጣል። እንዲህ ያለውን እንጨት የወንበር እግር ብታደርገው አንድ ቀን ወፈር ያለ እንግዳ ይዞ ይወድቃል። ስኪ ብታደርገው ለመጥ ለመጥ ይላል።

ልጁ ቁራጮቹን እየመዘነ ያጣምራቸው ጀመር። ይኼኛው ይህን ያህል ግራም፣ ያኛውም ይህን ያህል፣ አለቀ። አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ።

«እንጨት በሚዛን አይጣመድም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ክብደቱ እኩል ከሆነ ጥንካሬውም ይቀራረባል። ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

«መስመሩንስ አስገብተኸዋል?»

«የቱን መስመር?»

ጣውላውን ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ አሳየሁት፤ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጣቴ ከጣውላው ወጣ። «ከአንዱ ጣውላ ሰንጥቅና አንዱን ቁራጭ ለቀኝ፣ አጠገቡ ያለውን ለግራ ስጥ። ቢደክሙም እኩል ይደክማሉ። ብርቱ በሬና ደካማ በሬ ባንድ ቀንበር አይታረስባቸውም።»

ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም። «ጋሼ፣ ሀዋርድ ሄድ እኮ አናጺ አልነበረም። የአውሮፕላን ኢንጂነር ነው። በፈረንጆቹ 1950 የአሉሚኒየሙን ስኪ ይዞ ሲመጣ ሙያውን ገለበጠው።»

ሀዋርድ ሄድን እኔም አውቀዋለሁ። እዚህ ሙያ ውስጥ ቡና በተጠጣ ቁጥር ስሙ ይነሳል።

«ከአሉሚኒየሙ መሃል ምን ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ።

«መጀመሪያ ቀፎ የሚመስል ነገር ሞልቶበት ተሰባበረበት። በኋላ ኮምፔርሳቶ አስገባ። ኮምፔርሳቶ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ምንም የቀየረው ነገር የለም። ባለ ዎርክሾፑ ወቅቱ ደርሷል፣ ቶሎ በሉ አለ። ልጁ በሚዛኑ ቀጠለ። እኔም እንደታዘዝኩት ላግኩ፤ ጫፉን 2 ሚሊሜትር፣ ጫማው የሚያርፍበትን 11 ሚሊሜትር። የሁለቱን ውፍረት በካሊፐር ደጋግሜ ለካሁ። ግማሽ ሚሊሜትር ብትበልጥ ስኪው ይደነድናል፣ ኋላ ጣቱ እኔ ላይ እንዳይቀሰር ብዬ ነው። እኩል ናቸው። ከዚያ ማጣበቂያው ኢፖክሲ ተቀባ፣ መጫኛው ፕሬስ ውስጥ ገባ፣ የእሳት አደጋ የውሃ ጎማው በአየር ተነፍቶ ተጫነው።

ሲወጣ ሁለት መደገፊያ ላይ አጋድመን ወገቡ ላይ ክብደት አንጠለጠልን። አንደኛው ከሌላው በ4 ሚሊሜትር የበለጠ ወረደ። ልጁ ማሞቂያውን ጠረጠረ። ኢፖክሲውን ጠረጠረ። ቴርሞሜትሩን ሳይቀር ጠረጠረ። እንጨቱን ብቻ አልጠረጠረም። በመጨረሻ «ልዩነቱ ተቀባይነት አለው» ብሎ ጻፈና ስኪው ለደንበኛው ተላከ።

ደንበኛው ሌድቪል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በረዶው በደንብ ከጣለ በኋላ ደወሉ። ባለ ዎርክሾፑ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገው። እኔ ለስድብ ተዘጋጅቻለሁ። እንዲያውም ጓጉቻለሁ ብል ይሻላል።

ሰውየው ግን ምስጋና ጀመሩ። ትእዛዙን ሲሰጡ ግራ ጉልበታቸው ኦፕሬሽን መደረጉን ጽፈው ነበር ለካ። «ያንን አንብባችሁ ግራውን ስላለሰለሳችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ» ዓይነት ነገር አሉ። መጀመሪያ ግራና ቀኙ ግራ ገብቷቸው እያቀያየሩ ሞከሩ። ለስላሳው የግራ መሆኑ ሲገባቸው በማርከር ጻፉበት። ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተቱ ውለው ጉልበታቸው አልጮኸባቸውም።

ልጁን አየሁት። ልጁ ስልኩን አየ።

«አዎ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ታስቦበት ነው።»

ታስቦበት ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ቴርሞሜትር ሲያወራ ሲታሰብበት ነበር ማለት ነው። እኔ ምን ልበል? ደንበኛ እያመሰገነ «የለም፣ ተበላሽቶ ነው» ብዬ ስልኩ ላይ ልጩህ? አፌን በጨርቅ የጠረግኩ መስዬ ዞርኩ። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ «ጋሼ፣ አሪፍ ነው አይደል?» አይለኝም! የሚያበግነኝ ሌላ ነው። እኔ እንዳልኩት ተሰንጥቆ፣ እኩል ተጣምዶ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ገንዘባቸውን ከፍለው ዝም ይሉ ነበር። ለትክክለኛ ሥራ ማን ይደውላል?

ሽማግሌው ለጓደኛቸው አወሩ። የጓደኛቸው ደግሞ ቀኝ ዳሌ ነው። ትእዛዙ በገባ ማግስት ልጁ ማሽኔ አጠገብ ቆሞ ትንሽ ተቁለጨለጨ።

«ጋሼ፣ ያ መስመሩ በጎን የሚወጣው ጣውላ የትኛው ነበር? ይመርጡልኛል?»

«ሚዛኑ ምን አለ?» አልኩት።

ሳቀ። ከማገዶው ክምር ውስጥ መዝዤ ሰጠሁት። የዋጋ ዝርዝራችን ላይ አሁን «ለቀኝና ለግራ እግር የተለያየ ልስላሴ» የሚል መስመር ተጨምሯል። ከተራው ጥንድ ይወደዳል።