እጄን ከኋላዬ አድርጌ

ቅዳሜ ማታ። ሙቀቱ ገና አሁን በረድ አለ። የዛሬውን ሳልጽፍ መተኛት አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ግቢያችን፣ ኒሙ ስር ወንበር እናወጣለን። አራት ጎረቤቶቼ በስልክ ገንዘብ መላክና መክፈል ሊማሩ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ሃምሳን አልፈዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ የመብራቱም የቤንዚኑም ክፍያ ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ገብቷል። እነሱ ግን ስልካቸውን ለሱቅ ልጅ ይሰጡ ነበር። ከነሚስጥር ቁጥሩ።

ከሁሉም የሚፈራው ጋሼ ነው። አንቱ ስለው ስለሚቆጣ በድሬ ወግ አንተ ነው የምለው። ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር ጋራዥ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ያን የሚያህል ብረት ያልፈራ እጅ ስልክ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስልኩ ከብዶት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ነገረኝ። የሆነ ሱቅ ውስጥ ቁጥሩን እየፈለገ ሳለ ከኋላው የቆመ ወጣት "ፋዘር፣ ቶሎ በል እንጂ!" አለው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ስልኩን አውጥቶ አያውቅም።

ይህን ሰምቼም እኔ ራሴ ጥፋት ሠርቻለሁ። ጣቱ ሲዘገይ "አምጣ፣ እኔ ልሥራልህ" እያልኩ ከእጁ እወስድበት ነበር። ለመርዳት ነበር። እሱ ግን ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። ያ ወጣት ከሠራው በምን ተሻልኩ?

ባለፈው ሳምንት "ብሳሳትስ? ብሩ የት ይሄዳል?" አለኝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ጠየቅሁት።

"ሞተር ስትማር ከየት ጀመርክ?"

"አቦ፣ ከጠፋ ሞተር ነዋ! በሚሠራ ሞተር ማን ጀማሪ ያስነካል?"

ሌሊቱን ይህን ሳስብ አደርኩ። ስልክም እኮ የሚጠፋ ሞተር አለው። *127# ብለህ ቴሌብር ትገባለህ፣ የተቀባዩን ቁጥር ታስገባለህ፣ የብሩን መጠን ትጽፋለህ። ሚስጥር ቁጥርህን እስካላስገባህ ድረስ አንዲት ሳንቲም አትንቀሳቀስም። እዚያ ላይ ቆመህ መውጣት ትችላለህ። መቶ ጊዜም ቢሆን።

ዛሬ ይህንን ብቻ ሠራን። መግባትና መውጣት። አሸዋ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ላይ ግን ማንም አይደርስባትም። የትኛው ቁጥር ከየትኛው በኋላ እንደሚነካ በቃሏ ይዛ ከሁላችንም ቀድማ ጨረሰች።

ጋሼ አሥር ጊዜ ያህል ገብቶ ወጣ። እኔ እጄን ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ከባድ ነበር። ሲሳሳት ጣቴ ይበላኛል። አራተኛው ላይ ተሳስቶ "ቆይ፣ አትንገሪኝ" አለ። ራሱ ተመለሰ።

በመጨረሻ "አሁን ሞተሩን እናስነሳው" አለኝ። አምስት ብር ወደ እኔ ላከ። ስልኬ ጮኸ። ስልኬን ተቀብሎኝ መልእክቱ ላይ የራሱን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እሱ አልሳቀም፤ ስልኩን እያገላበጠ ዝም አለ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ግን አልተነሳም። ሚስጥር ቁጥሩን እንዴት እንደሚቀይር ጠየቀኝ። የሱቁ ልጅ ያውቀዋል። የት እንደሚገባ በቃል ነገርኩት። ስድስቱን ቁጥር ሊያስገባ ሲል ቀና ብሎ አየኝ።

"ዞር በይ" አለኝ።

ዞርኩ።