የእማዬ ግፊት መለኪያ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሾፌርነት ነው። እሁድ እሁድ አዲስ አበባ ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄዬ አትቀየርም፦ «እማዬ፣ የግፊት ኪኒንሽን ወሰድሽ?» የራሴን ግፊት ግን ተለክቼ አላውቅም። ምን አሞኝ?

ባለፈው ጥር ስሄድ ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ገዛሁላት። ቤቷ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻንጣዬን ተሸክሜ ስወጣ ሁለት ቦታ አረፍኩ። «ከፍታው ነው» አልኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ሰበቡ አያሳፍርም።

ከሰዓት ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። መለኪያው ከፈንዲሻው ጎን ተቀመጠና ተራ ተያዘ። እማዬ በ73 ዓመቷ 128 በ78። አንዷ ጎረቤት «የእኔን ጮክ ብለህ እንዳታነብ» አለችኝና እሷው ቀድማ ለቤቱ ሁሉ አነበበችው። በመጨረሻ «አንተስ?» ተባልኩ።

172 በ106።

ሳቁ ቀጥ አለ። «ማሽኑ ነው» አልኩ። የእማዬን በትክክል ያነበበው ማሽን!

ታችኛው ፎቅ ያለችው ሲስተር ሳቀችብኝ። «ሦስት ስኒ ቡና ጠጥተህ፣ እግርህን አነባብረህ፣ እያወራህ ትለካለህ እንዴ?» በማግስቱ ጠዋት ቡና ሳልቀምስ እንድለካ አዘዘችኝ። ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ። ወንበሩን ደገፍ ብዬ፣ ሁለቱንም እግሮቼን መሬት አስረግጬ 5 ደቂቃ ዝም። እጅጌዬን አውልቄ ክንዴን በልብ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። አንድ ደቂቃ ቆይቶ ተደገመ። 158 በ98። በሦስተኛው ቀንም ከዚያ አልራቀም።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ነው አለኝ። ኩላሊትና ስኳር ታየልኝ፣ ልቤም በማሽን ተመረመረ። «ግን ማጅራቴን ይዞኝ አያውቅም» አልኩት። ይህን ስል ስንተኛው ሰው እንደሆንኩ ከፊቱ ገባኝ። ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይሰማን ነው የአንጎልን፣ የልብንና የኩላሊትን ደም ሥር የሚጎዳው። ማጅራት እስኪይዝ የሚጠብቅ ሰው ስትሮክ ሊቀድመው ይችላል።

እማዬ ከዓመታት በፊት ቁጥሩ ወረደ ብላ ኪኒኑን ትታ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ጀምራ ነበር። ያኔ በስልክ ጮኼባታለሁ። የወረደው በኪኒኑ እንደሆነ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። አሁን ኪኒን ሲታዘዝልኝ «ዕድሜ ልክ ልላመደው ነው?» ያልኩትም እኔው ነኝ። እማዬ አጠገቤ ነበረች። ምንም አላለችም፣ አየችኝ ብቻ።

ጨው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሞልቶ አይደርስም። እኔ መኪና ውስጥ የምበላው ድንች ጥብስ ብቻውን ስንቱን ይወስዳል? ወጡ ላይ ባልነሰንስ እንኳ በርበሬው ራሱ ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል።

ከመመለሴ በፊት ባሉት ቀናት ጠዋት ጠዋት ከግንፍሌ አራት ኪሎ ሐውልቱ ድረስ በእግር እንሄድ ነበር። እማዬ ቀድማኝ ትደርሳለች።

ሻንጣዬን ስትዘጋ ሁለት ኪሎ በርበሬ ከተተችልኝ። ቦሌ ኤርፖርት ስንሰናበት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «ጨው የለበትም» አለችኝ።