ጎንቲኔያክ ያን ቀን ትክክል ነበር

ስለ ሮሜዮ ጎንቲኔያክ ሲወራ ብዙዎች ቶሎ የሚያነሱት 67 ለ 3ን ነው። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የራግቢ ዓለም ዋንጫ እሱ ያሰለጠናት ሮማኒያ በእንግሊዝ የተሸነፈችበት ውጤት። ያን ቀን ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ስለነበር ተወቀሰ፤ እኔ ግን በወቀሳው አልስማማም።

ጎንቲኔያክ ሴንተር (ከኋላ መስመር መሃል ላይ የሚሰለፍ ተጫዋች) ነበር። በ1995፣ በ1999፣ በ2003 እና በ2007 በአራት የዓለም ዋንጫዎች ተጫውቷል። የተጫወተበት ዘመን ደግሞ ለሮማኒያ ራግቢ ክፉ ዘመን ነው። ያ ቡድን ቀደም ሲል፣ በ1980፣ ፈረንሳይን ቡካሬስት ላይ 15 ለ 0 ረትቷል፤ በ1988 ካርዲፍ ድረስ ሄዶ ዌልስን 15 ለ 9 አሸንፏል። ከ1989ኙ አብዮት በኋላ ግን ክለቦቹ ቆመውበት የነበረው የመንግሥት ድጋፍ ሳሳ፣ ጎበዝ ጎበዙም ወደ ፈረንሳይ ሄደ። እሱም ኦሪያክ የሚባል የፈረንሳይ ክለብ ገባ። በ2001 ሮማኒያ በእንግሊዝ ቡድን ትዊከንሃም ስታዲየም ላይ 134 ለ 0 ተሸነፈች። በዚህ ሁሉ መሃል ብሔራዊ ቡድኑን ሳይተው የቆየ ሰው ነው።

አሁን ወደ 2011 እንምጣ። ለዚያ ዋንጫ ሮማኒያ ያለፈችው በመጨረሻዋ 20ኛ ቦታ ነው፣ ኡራጓይን በደርሶ መልስ አሸንፋ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኒውዚላንድ፣ ኢንቨርካርጊል ከተማ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ነበር፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሮማኒያ 24 ለ 21 እየመራች ነበር፣ ከዚያ ሳይመን ዳኒዬሊ ሁለት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አገባና 34 ለ 24 አለቀ። እስካሁን ያናድደኛል።

ከአርጀንቲና ሽንፈት በኋላ የቀሩት እንግሊዝና ጆርጂያ ነበሩ። እንግሊዝን ማሸነፍ የማይታሰብ ነው፤ ጆርጂያን ግን ይቻላል። ስለዚህ ጎንቲኔያክ ዋና ዋናዎቹን አሳርፎ ሌሎቹን አሰለፈ፣ ወቀሳም ወረደበት። ግን ፕሮግራሙን እዩት! ከእንግሊዝ ጨዋታ እስከ ጆርጂያ ጨዋታ 4 ቀን ብቻ ነው። ጆርጂያ በበኩሏ 10 ቀን ሙሉ አርፋ ነው የጠበቀችው። ሰውነት ከሰውነት በሚላተምበት ስፖርት ይሄ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ያው ተጫዋቾቹን በ4 ቀን ውስጥ ሁለቴ ቢያሰልፍ ምን ሊተርፍለት ነበር?

ጆርጂያም 25 ለ 9 አሸነፈች። ውጤቱ ስላልመጣ ውሳኔው ስህተት ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጥያቄው ለአሰልጣኙ ሳይሆን ፕሮግራሙን ላወጡት ነው የምለው። ትልልቆቹ ቡድኖች በቂ እረፍት ሲያገኙ ትንንሾቹ አንዳንዴ በ4 ቀን ልዩነት ይጫወቱ ነበር።

እሱ በኋላ በፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የቀድሞ ክለቡን ኦሪያክን አሰልጥኗል።