ሰባ ዘጠነኛው ሌሊት

ነገ ልጄ 80 ቀኗ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስተን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ነጭ ልብሷን ተኩሼ ወንበር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ማተቡን የክርስትና እናቷ ታመጣለች። እሷ ጡቷን ጠብታ ተኝታለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ወንድሟ የዛሬ ስድስት ዓመት በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ምንም አልጠየቅሁም ነበር። እንደ አገሩ ነው፣ 40 ቆጠርን፣ አስጠመቅን። አሁን ግን 40ው አልፎ ሌላ 40 ሲጨመርብኝ፣ እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ስሰማ፣ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። የባሰብኝ ደግሞ ልጄ በተወለደች በ20 ቀኗ አራስ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት የሰፈራችን ትልቅ ሴት የተናገሩት ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለው፣ ገንፎውን ቀምሰው፣ ልጅቷን ታቀፏትና፣ "የሔዋን ዕዳ ነው እንግዲህ፤ 80 ትቆጥሪያለሽ" አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ እሳቸውም ሲባል የሰሙትን ነው። ግን የ20 ቀን ልጅ ምን ዕዳ ይኖርባታል? ሲሄዱ አለቀስኩ።

አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። መጽሐፈ ኩፋሌን ራሱን ገልጬ ያነበብኩት ግን ገና በዚህ አራስነቴ ነው፤ ልጅቷን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ ሰማንያ አሐዱውን ትራስ ላይ ዘርግቼ። ተራኪው መልአክ ነው፤ በሲና ተራራ ላይ ለሙሴ ይነግረዋል። ስለዚህ አዳም ገባ ብቻ አይልም፤ አስገባነው ይላል። አዳም በተፈጠረበት ምድር 40 ቀን ከፈጸመ በኋላ እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ወደ ገነት አስገቡት፤ ሚስቱን ደግሞ በ80ኛው ቀን። ምክንያቱንም ይናገራል፦ ገነት ከምድር ሁሉ ይልቅ ቅድስት ናት፣ በውስጧ የተተከለውም ዛፍ ሁሉ ቅዱስ ነው። ዘሌዋውያን 12 ላይ ለአራስ እናት የተጻፈው ሕግ፣ ለወንድ 7 ቀንና 33 ቀን፣ ለሴት 14 ቀንና 66 ቀን የሚለው፣ ከዚህ እንደመጣ ይነግረናል። ደምሩት፤ 40 እና 80 ነው።

7ቱና 14ቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አዳም ተፈጠረ፤ ሚስቱም ያን ጊዜ በጎኑ ውስጥ ነበረች። እግዚአብሔር አውጥቶ ያሳየው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 1 ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው ይላል፤ በምዕራፍ 2 ደግሞ ከጎኑ አጥንት ወስዶ ሠራት። ኩፋሌ ሁለቱን እንዲህ አስታረቃቸው፤ ዘግይታ ታየች እንጂ ዘግይታ አልታሰበችም። ይህን ሳነብ ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። አልትራሳውንድ ላይ ፊቷን አዙራ ስንት ጊዜ አስቸግራን ነበር።

ከዚያ ወደ እባቡ ደረስኩ። አዳምና ሔዋን በገነት 7 ዓመት ፈጽመው፣ በሁለተኛው ወር በ17ኛው ቀን ነው እባብ ወደ ሴቲቱ የመጣው። ይህንንም ቁጥር፣ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ከዐሥራ ሰባት ቀን እያልን እናውቀዋለን። ግን ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አስቤ አላውቅም ነበር። 80ው ቀን የሆነው መጀመሪያ ነው! ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ስትገባ ፍሬ አልቆረጠችም፣ ቅጠል አላገለደመችም፣ አልተረገመችም። ሔዋን የሚለው ስም እንኳ ገና አልወጣላትም፤ በኦሪት አዳም ይህን ስም ያወጣላት ከፍርዱ በኋላ ነው። እኛ የምንቆጥረው 80 ቀን ወደ ገነት የገባችበት እንጂ ከገነት የወጣችበት አይደለም። እንዴት ዕዳ ይባላል?

አይሁድም ይህን 7ና 14 ጠይቀዋል። በታልሙድ፣ የሊቃውንቶቻቸው ትምህርትና ክርክር በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ደቀ መዛሙርቱ ራቢ ሺምዖን ቤን ዮሐይን ለምን እንደሆነ ይጠይቁታል። እሱም ሴት ምጥ ሲይዛት ሁለተኛ ከባሏ እንዳትደርስ ትምላለች አላቸው፤ ወንድ ከሆነ ሁሉም ስለሚደሰት በ7 ቀን በመሐላዋ ትጸጸታለች፣ ሴት ከሆነች ግን ሁሉም ስለሚያዝን እስከ 14 ቀን ይቆይባታል። ኩፋሌ ከሰማይ ያመጣውን እሱ ከአራስ ቤት አመጣው። መልሱን አልወደድኩትም፤ ሐዘኑን ግን አውቀዋለሁ። በኛ ቤትም እልልታው ለወንድ ይበዛል።

አያቴ ጎንደር፣ ወለቃ አጠገብ ነው ያደገችው። የቤተ እስራኤል ጎረቤቶቿ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ እንኳ ስማቸውን እየጠራች ትኖር ነበር። ሴቶቻቸው ሲወልዱ ከመንደሩ ወጣ ያለ፣ ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ ጎጆ ይገባሉ፤ ምግቡን ከድንጋዩ ወዲህ ሆነው ያቀብሏቸዋል። ለወንድ 40፣ ለሴት 80። ሲያበቃ ወንዝ ወርደው ገላቸውንና ልብሳቸውን አጥበው ይመለሳሉ። "ቁጥራችን አንድ ነበር፤ እኔ እናትሽን ስወልድ እሷም ሴት ልጅ ወልዳ አብረን ቆጠርን" ትል ነበር አያቴ ስለ አንዷ። ኩፋሌን እነሱም ያከብሩታል። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ የተጻፈው ግን በዕብራይስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነበር፤ ቁርጥራጩ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል። ሁለቱ እናቶች፣ አንዷ በቤቷ፣ አንዷ በጎጆዋ፣ አንዲቱን ሴት ይዘው ይቆጥሩ ነበር።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ሳነብለት ከሁሉ የነካው ሌላ ነው። ከገነት በወጡበት ቀን የእንስሳት ሁሉ አፍ ተዘጋ ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድመታችንን ጥግ ወስዶ በጆሮዋ ያንሾካሹካል። ምን እንደሚላት አልጠየቅሁትም።

እናቴ ተነስታ ሻይ ስትጥድ ይሰማኛል። ድፎውን የደፉልን እኚያው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ነገ ይዘውት ይመጣሉ። ከጥምቀቱ ስንመለስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ "እማማ፣ እባቡ እኮ ያኔ ገና አልመጣም ነበር" እላቸዋለሁ።