ጳጉሜን ለምን እንደምወዳት

አቦ ጳጉሜ ገባች! እንደ ልማዳችን ሁሉም ሰው «ከመስከረም 1 ጀምሮ» ማለት ጀምሯል፣ ጫት የሚያቆመውም ከመስከረም 1፣ ማስቀደስ የሚጀምረውም ከመስከረም 1፣ ከእህቱ ጋር የሚታረቀውም ከመስከረም 1። እኔ ግን መስከረም 1ን ለዚህ ነገር አላምናትም። ዶሮው አለ፣ እንግዳው አለ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ይመጣሉ (ድሬዳዋ ነዋ)፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱም በርጫውም አንድ ላይ ነው የሚመጣው፣ በዛ ቀን ማን ነው ቁጭ ብሎ ስለ ነፍሱ የሚያስበው?

ጳጉሜ ይሻላል። ደሞዝ የላትም እንጂ ሌላ ምንም አይወጣላትም 😄 5 ቀን ናት፣ በ4 ዓመት አንዴ ነው 6 የምትሆነው፣ የፈቃድ ጾም አላት፣ 3 ሲሆን ደግሞ ሩፋኤል ነው። የዛን ቀን የሚጥለው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ልጆች ወጥተው ይጠመቃሉ፣ እኛ ጋ ግን መምጣቱ ስለማይታወቅ እናቶች ሳፋ ደጅ አውጥተው ሰማዩን ሲያዩ ነው የሚውሉት። ከበዛም እንፈራለን፣ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ደመናው ሲጠቁር ዝም ብሎ አይቀመጥም።

እና እኔ ንስሐ አባቴ ጋ የምሄደው በጳጉሜ ነው። አምና የሄድኩት ዝርዝር ይዤ ነበር፣ ውዳሴ ማርያም በየቀኑ፣ ዳዊት፣ አስራት፣ እሁድ እሁድ ቅዳሴ፣ ረቡዕና አርብ እስከ 9 ሰዓት (በድሬ ሙቀት ያለ ውሃ እስከ 9 ሰዓት መጾም ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ሰው አይገባውም)። አባ ሰምተው ሰምተው «ልጄ፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የምትነኪው ምንድነው?» አሉኝ። ስልክ ነዋ አባ። «በይ እንግዲያው አቡነ ዘበሰማያት ሳትይ ስልክ አትንኪ፣ ለዘንድሮ ይቺ ትበቃሻለች።» እኔ ስግደት ምናምን ስጠብቅ! ቀላል መስሎኝ ነበር፣ አላርሙ ራሱ ስልኩ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ገበያ ሄጄ ሰዓት ገዛሁ። እሱም ቢሆን ብዙ አላስፈለገኝም፣ ግቢያችን ያሉት እማማ ሌሊት ለሶላት ሲነሱ ጀሪካኑን ከቧንቧው ስር ያስጠጋሉ፣ ውሃው ፕላስቲኩ ላይ ሲንጣጣ እነቃለሁ፣ እሳቸው በር ላይ ሲያዩኝ «ተነሳሽ?» ይሉኛል፣ «ተነሳሁ እማማ» እላለሁ፣ ከዛ እሳቸው ወደሳቸው እኔ ወደኔ።

ይሄን የንስሐ ነገር ከስእለት ጋር የሚያምታቱት ሰዎች አሉ። ስእለት ሌላ ነው፣ ቁልቢ ገብርኤል ቅርባችን ስለሆነ እኛ የድሬ ልጆች እናውቀዋለን፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ልጅ ያገኘም ከበሽታ የዳነም ጃንጥላውን ይዞ ይመጣል፣ ደስ ይላል፣ እኔም ተስዬ አውቃለሁ። ግን እዛ «ይህን ካደረግክልኝ» የምትል ነገር አለች። ጠዋት ተነስቶ አባታችን ሆይ ለማለት ምን ካደረገልኝ ልበል? ያደረገውን አድርጓልኮ። መስከረም 1 ራሱ ቅዱስ ዮሐንስ ነው የሚባለው፣ መጥምቁ ደግሞ ሲሰብክ ንስሐ ግቡ ነው ያለው፣ ስእለት አስገቡ አላለም።

መጪው 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 3 ይቀራል፣ እሱ ነው ሉቃስ። ስለዚህ የ2019 ጳጉሜ 6 ናት ማለት ነው፣ አንድ ቀን ትርፍ አለን። ለዘንድሮ አባ ምን እንደሚሰጡኝ እንጃ፣ ከወንድሜ ጋር ያለውን ነገር ሳያነሱብኝ አይቀሩም፣ እሱ ከስልኩ ይከብዳል። ንስሐ አባት የሌላችሁ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ፈልጉ፣ መስከረም ከገባ በኋላ የመስቀል ዝግጅት ስለሚጀመር አባቶችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።