ከ2 ያነሰ አማካይ ርቀት

አንድ የምርምር ቡድን አንድ ሚሊዮን ኖድ (ነጥብ) ያለው ስኬል-ፍሪ ኔትወርክ፣ ማለትም አብዛኞቹ ኖዶች ጥቂት፣ ጥቂቶቹ ግን እጅግ ብዙ ግንኙነት ያላቸው ኔትወርክ፣ በዘፈቀደ ሠርቶ በኖዶቹ መካከል ያለውን አማካይ ርቀት (ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚያስፈልገውን ትንሹን የእርምጃ ብዛት) ሲያሰላ ከ2 ያነሰ ቁጥር ወጣለት። እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች ርቀታቸው እጅግ አጭር መሆኑ ስለሚታወቅ ቁጥሩ ሳይጠረጠር ሪፖርት ውስጥ ሊገባ ነበር። ያስቆመው የሁለት ደቂቃ ሒሳብ ነው። ዲግሪ አንድ ኖድ ያለው የግንኙነት ብዛት ነው፤ ጋማ ደግሞ ዲግሪው ከፍ ሲል ኖዶቹ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያንሱ የሚለካ ቁጥር ነው። የዲግሪው ስርጭት ጋማ 2.5፣ ትንሹ ዲግሪ 1 ከሆነ አማካይ ዲግሪው 1.95 ገደማ ነው። ከሚሊዮኑ በአንድ እርምጃ የሚደረስባቸው ሁለት ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ ቢያንስ ሁለት እርምጃ ይርቃሉ። አማካዩ ከ2 በታች በሚታይ መጠን የሚወርድበት መንገድ የለም!

የርቀት ሰንጠረዡ ሲከፈት 4፣ 6፣ -1፣ 5፣ -1፣ -1 እያለ ይወርዳል። ከአንድ ኖድ ተነስቶ ርቀቶችን የሚቆጥረው ፍለጋ ሲጀምር ለሁሉም ኖድ -1 ይሰጣል፤ ያልደረሰበት ኖድ እንደያዘው ይቀራል። ኮዱ ያንንም ደምሮ አካፍሎታል። በዚህ ስርጭት ትልቁ የተያያዘ ክፍል (ኖዶቹ ሁሉ እርስ በርስ በመንገድ የሚገናኙበት) የሚይዘው 61 በመቶ ገደማ ኖዶችን ስለሆነ፣ መንገድ የሚያገናኛቸው ጥንዶች 38 በመቶ ቢሆኑ ነው። እውነተኛው ርቀት 6 ቢሆን እንኳ ስሌቱ 1.7 አይሞላም።

መፍትሔው መጀመሪያ ትልቁን ክፍል ለይቶ፣ ከውስጡ 1,000 መነሻ ኖዶች በዘፈቀደ መርጦ ከእያንዳንዱ ፍለጋ ማስኬድ ነው። አንዲት -1 ከተገኘች ፕሮግራሙ ይቁም።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ስውር ነበር። በ10,000፣ በ100,000 እና በ1,000,000 ኖድ ሲደገም ርቀቱ ከኖዶቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር ቀጥ ባለ መስመር አደገ። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ኮኸን እና ሃቭሊን በ2003 ያሳዩት ግን ጋማ በ2 እና በ3 መካከል ሲሆን እድገቱ የኖዶቹ ብዛት ሎጋሪዝም ሎጋሪዝም ያህል ብቻ፣ ማለትም ከዚያ እጅግ የዘገየ፣ እንደሆነ ነው፤ ከ10,000 ወደ ሚሊዮን ሲኬድ ጭማሪው አንድ እርምጃ ከጥቂት ነው። ምክንያቱ ሜሞሪ ለመቆጠብ የገባች አንዲት መስመር ሆና ተገኘች፤ ዲግሪው ከ100 የሚበልጠውን ሁሉ ወደ 100 ታወርዳለች። በሚሊዮን ኖድ ትልቁ ዲግሪ እስከ 10,000 ገደማ ይደርሳል። መንገዱን የሚያሳጥሩት እነዚያ ጥቂት ግዙፍ ኖዶች ናቸው፤ እነሱ ሲቆረጡ ኔትወርኩ እንደ ማንኛውም ተራ የዘፈቀደ ኔትወርክ ይሆናል።

መስመሯ ተሰርዛ ሥራው እንደገና ተካሄደ፤ ከእያንዳንዱ ርቀት ጎንም የተገኘው ትልቁ ዲግሪ እንዲጻፍ ተደረገ።