የተመታችው ቁራጭ መስታወት

የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት 18 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች የተገጣጠሙበት ነው። መሐንዲሶቹ በየሁለት ቀኑ የኮከብ ምስል ሆን ብለው አደብዝዘው ያነሳሉ፤ ከብዥታው ቅርጽ በመነሳትም የእያንዳንዷን ቁራጭ መዛነፍ በናኖሜትር (በሜትር ቢሊዮንኛ) ያሰላሉ። በግንቦት 14 እና 16 ቀን 2014 ዓ.ም. መካከል ሲ3 የምትባለው ቁራጭ ቅርጿ ተለወጠ። ደቃቅ የጠፈር ድንጋይ መትቷት ነበር። ሰዓቱ ያልታወቀውም በሁለት ልኬቶች መሀል ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ለሕዝብ ሊወጡ 7 ሳምንት ያህል ቀርቶ ነበር።

ምት እንደሚኖር ይጠበቅ ነበር፤ ከዚያ በፊትም አራት ትንንሾች ተለክተዋል። ይህኛው ግን ከቅድመ ግምቱ አለፈ።

የንድፉ ብርታትም ገደቡም የታየው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ከጎን እስከ ጎን 1.32 ሜትር ናት። ቤሪሊየም ከተባለ ቀላል ብረት ተሠርታ፣ ጀርባዋ ስስ አጥሮች ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ስለተፈለፈለ መስታወቷ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ትመዝናለች። ስድስት ሞተሮች ያንቀሳቅሷታል፣ ያዘነብሏታል፣ ያዞሯታል፤ ሰባተኛው መሀሏን ከማዕዘኖቿ አንጻር በመሳብ ወይም በመግፋት የጎድጓዳነቷን መጠን ይለውጣል። ከምቱ መዛነፍ ከፊሉ በእነዚህ ተቃና። የቀረው ጉድለት ግን የገጹ ቅርጽ ራሱ ነው፤ ያንን የሚያቃና ሞተር የለም። በየቦታው ሞተር ይጨመር ቢባል ክብደቱ፣ ሽቦውና ሊበላሽ የሚችለው አካል ይበዛል። በእኔ እምነት ሰባት ላይ መቆሙ ትክክል ነበር፦ ከሁለት ዙር ማስተካከያ በኋላ የመላው ቴሌስኮፕ ስህተት፣ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ ከትክክለኛው ቅርጽ የሚዛነፍበት መጠን፣ 59 ናኖሜትር ሆነ፤ ከቀድሞው ምርጥ ልኬት የበለጠው ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ብቻ ነው። ጉዳቱ ከ18ቱ በአንዷ ተወስኖ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው። ቴሌስኮፑ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ፀሐይን ይዞራል። መስታወቱ ወደሚጓዝበት አቅጣጫ ፊቱን ሲያዞር፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ቅንጣት አንጻራዊ ፍጥነቱ እጥፍ፣ ጉልበቱ ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2023 የምልከታ ዘመን ጀምሮ በዚያ አቅጣጫ ያሉ ዒላማዎች በተቻለ መጠን ለሌላ ወር ይተላለፋሉ፤ ቴሌስኮፑ ምህዋሩን ሲዞር ያው የሰማይ ክፍል ከጉዞ አቅጣጫው ይወጣልና። ጊዜ የማይሰጥ ምልከታ ግን ዛሬም ይፈቀዳል።